ገቢር ሦስት

አቃቂ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ፣ ከወንዙ ማዶ፣
የቀበሌው አዳራሽ ቆሞ ነበር፣ ከሁለት ባሕር ዛፍ ጋር ተዛምዶ፤
ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ዳገት፣
እሁድ ቲያትር፣ ሰኞ ስብሰባ፣ ሐሙስ የስኳር ወረፋ ያለበት።

መጋረጃችን ብልሽት አቡጀዲ፣ ከጨርቃ ጨርቁ በልመና የወጣ፣
ሲከፈት መሐል ላይ ይነክሳል፤
አንድ ሕፃን ሮጦ እስኪጎትተው ንጉሡ ቆሞ ይጠብቃል በቁጣ።
መብራታችን ሁለት አምፖል፣ በዘይት ቆርቆሮ የተከለለ፣
ሲጠፋ ሾፌሩ ጎርፉ ከደጅ ፓውዛውን ያበራልናል፣ «ናፍጣዬን ቁጠሩልኝ» እያለ።

የአሥር ሰዓቱ ባቡር ሲያልፍ ሁላችን ባለንበት እንደርቃለን፣
አልቃሽ እንባዋ ጉንጯ ላይ፣ ገዳይ ጩቤው አየር ላይ፣ ፉርጎ እንቆጥራለን፤
ካለፈ በኋላ ከቆምንበት ቃል እንቀጥላለን።
ክረምት ሲሆን ግን ቆርቆሮው ይናገራል፣ እኛ አፋችንን እናንቀሳቅሳለን።

እኔ ደራሲው፣ አዘጋጁ፣ ወንበር ደርዳሪው፣
ከጀርባ ሆኜ በሹክሹክታ ቃል አቀባዩ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣
ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከነጠላ ሰረዜ አንዷ ስትዘለል ደሜ የሚፈላው።

እጥፍወርቅ ከክር ክፍል ነበረች፣ የማሽን ድምፅ ጆሮዋን የበላው፣
ፍቅሯን እንኳ በጩኸት ነበር የምትናገረው።
አስናቁ ዳቦ ጋጋሪ፣ ንጉሥ ሲሆንም ቅንድቡ ዱቄት፣
ዙፋኑ የቢራ ሣጥን፣ በዕድር ድንኳን ቅዳጅ የተሸፈነለት።
ወርዶፋ የፋብሪካው ዘበኛ፣
ቁመቱን አይተን የያዝነው፣ ለአንዲት ቃል ብቻ፣ የማታ ተረኛ።

የዚያ ዓመት ተውኔቴ ላይ እናት ልጇን ፍለጋ ትመጣለች ከእስር ቤት በር፣
ወርዶፋ «በሩ ተዘግቷል፣ ሂጂ» ይላታል፤ ድርሻው ያችው ነበር።
ደጃፉ ላይ ትወድቃለች፤ ገቢር ሦስት ይጀምራል፤
ለቅሶ አለበት፣ ረጅም ንግግር አለበት፣ የጻፍኩት እጄ እስኪዝል።
«ታሪኩ የድሮ ሥርዓት ነው» ብለን፣ ኮሚቴው አመነን፣ ወይም ያመነ መሰለ፤
በየገጹ ሐምራዊ ማኅተም መታ፤ አንዳንዱን ሁለቴ፣ ቀለሙ አልያዘም እያለ።

ግንቦት ነበር። እጥፍወርቅ መጣች፤ ጣውላውን መታች፤
ሦስት ጊዜ ይላል ጽሑፉ። አላቆመችም፤ እኔንም ጽሑፉንም ረሳች።
ታናሽ ወንድሟ ወጥቶ ከቀረ ስድስት ወሩ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም።
ወርዶፋ ጎረቤቷ ነው። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም።
ከጀርባ ሆኜ «በሩ ተዘግቷል» ብል፣ «በሩ ተዘግቷል» ብል፣
ቆቡን አወለቀ፣ የፋብሪካውን፣ የእውነቱን፤ ጣውላውን አደረገው ገለል፤
«ግቢ፣ እናቴ» አላት። «ግቢ፤ ውጭው ብርድ ነው።»
ገባች። ከበሩ ወዲያ ምንም የለም፤ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ ደብተሩን የታቀፈ አንድ ሰው።

ጭብጨባ አልነበረም።
አንዲት ሴት ተነሣች፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም፤
እንደ ለቅሶ ቤት አጎንብሰው ወጡ፤ ሃምሳ ሳንቲሜን መልሱ ያለ የለም።

እኔ ግን ወርዶፋን አንገቱን ያዝኩት። «ገቢር ሦስቴን ገደልክ» አልኩት፤
«አንዲት ቃል መያዝ ያቃተህ ደደብ» — ይህንንም ጨመርኩበት።
መልስ አልሰጠኝም። ቆቡን ደፋ፤ ተረኛ ነበር፣ ወደ ፋብሪካው ሄደ፤
ከዚያ ወዲያ በደጃችን አላለፈም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁ፤ ዓመት ዓመትን ወለደ።

አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው፣ ሐዲዱን ሣር ውጦታል፤
የወርዶፋን ሞት የሰማሁት ከሠልስቱ በኋላ ነው፤ ለእግዜር ያጽናችሁም ረፍዷል።
ባለፈው ሳምንት፣ ሱቅ ደጃፍ፣ አንዲት ባልቴት እጄን ይዛ፣
«ያ ‹ግቢ፣ እናቴ› ያልክበት ቲያትር!» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አርግዛ።
ቃሉ የእኔ መሰላት። አመሰገነችኝ።
አላረምኳትም። ያሳፍራል፤ ደስ አለኝ።

ደብተሩ አለ። አርባ ገጽ፤ አርባውም ማኅተም አርፎበታል።
ያቺ የዘበኛው ቃል ብቻ ማንም ሳይፈቅዳት አልፋለች።
ዛሬ ጠዋት «በሩ ተዘግቷል» የሚለውን ሰረዝኩ፣
የእሱን ጻፍኩ፤ ከጎኑ ስሙን ከነአባቱ አሰፈርኩ፤
ገጹን ገለጥኩ። ገቢር ሦስት ላይ ደረስኩ።

እናትየዋ ገብታለች። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው።
ምን ትበል?
ብዕሬ አየር ላይ፣ እንደ ድሮው ባለሁበት ደርቄ
ባቡሩ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።
ባቡር የለም።