ከመዝገቡ ጀርባ

«ባለሙያ ናት» ይላሉ ቀሃዎች በሙሉ፣
«ድምጿ ከጓዳ አይወጣም»፣ በፊት ሚካኤል እየማሉ።

ግንቡም ባሌም ሲተኙ ኩራዜን ለኩሼ
እጽፋለሁ በሱቁ መዝገብ፣ ጀርባውን መልሼ።
ከፊቱ የቅዳሜ ገበያ ዕዳ፦ ጨው፣ ላምባ፣ ሹምብራ፤
ከኋላው እኔ አለሁ፣
ስሜን ሳልጠራ።

ጣቴ ላይ ቀለም አይተው «ምንድን ነው?» ቢሉኝ
«የድስት ጥላሸት ነው» አልኳቸው፤ አመኑኝ።

ትናንት የባሌ ወንድም፣ ጠላውን እየጨለጠ፣
«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ አላገጠ።
ቀዳሁለት።

የባሌ ዕዳና የኔ ቃል ከሁለት ጫፍ መጥተው
ተገናኙ ሌሊቱን፣ ባዶ ገጽ አጥተው።
ኅዳጉ ላይ «የሻረግ» ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፤
«ያልቅ» ላለው ነገር አራት ነጥብ ነሳሁ፣