ዋና

ከፓዶቫ ወጣን ገና ጎህ ሳይቀድ፣
በባቡር ተሳፍረን ትሪየስቴ ለመሄድ።
ያለን አንድ ቀን ነው። ምንተስኖት ዝርዝር ጽፏል በብጣሽ ወረቀት፣
ቤተ መንግሥት፣ ቴአትር፣ አደባባይ፣ ምሳ፣ ሁሉም በየሰዓት።

ኮረብታው ጫፍ ወጣን፣
የመድፉን አፍ ዳሰስን፣
ወረድን።
ከሮማውያን ቴአትር፣ ከድንጋዩ ወንበር፣
እሱ ዘመን ሲቆጥር
ሶስና ድመት ትቆጥር ነበር።
«ይሄ እኮ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው» ሲላት
«ዘጠኝ ናቸው» አለች፣ «አንዷ እርጉዝ ናት።»

ኢዮስያስ ግን ከኋላ፣ ጠጠር እየመታ፤
ካደገ ወዲህ ልጄ አመሉ ነው ዝምታ።
ድምፁ እንኳ ሰሞኑን ሁለት ሆኖ ይወጣል፣
አንዱ ከእኔ ጋር ነው፣ አንዱ ልሂድ ይላል።

እኩለ ቀን ሆነ። ፀሐይዋ አናት በሳች።
ዝርዝሩ ገና ነው፤ ሶስና አለቀሰች፤
«ባሕር ብላችሁ አመጣችሁኝ፣
ድንጋይ አሳያችሁኝ!»
ምንተስኖት ሳቀና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከአሮጌው የመብራት ማማ ግርጌ አንድ መዋኛ አለ፤
ጠጠሩ መሐል ነጭ ግንብ ተገትሮ ለሁለት የተከፈለ።
ቅዳሴ መሰለኝ፤ ወንድ በራሱ በር፣ ሴት በራሷ ጎራ፣
ግን መጋረጃ የለም፣ ጧፍ የለም የሚበራ፣
እርጥብ ፎጣ ብቻ በየሽቦው ላይ፣
የአሮጊቶችም ጀርባ፣ እንደ ድፎ ዳቦ የበሰለ በፀሐይ።

በር ላይ ያለው ሰው ቲኬት እየቆረጠ
ልጄን አየት አርጎ እኔ ላይ አፈጠጠ፤
«ዕድሜው ስንት ነው? አሥራ ሁለት ካልሞላው ከእናቱ ይገባል፣
ከሞላው ግን...» ብሎ በአገጩ ማዶውን ያሳያል።
የሞላው በዚህ ወር ነው። አፌን ከፈትኩ ለመዋሸት፣
አንዲት በጋ ብቻ ከጉያዬ ለማቆየት፤
«አሥራ ሁለት!» አለ ራሱ፣ ቀድሞኝ፣
በዚያ በወፍራሙ ድምፁ።
አባቱን ተከትሎ ገባ።
ዞር አላለም።

በእኛ በኩል ሌላ ዓለም።
ካርታ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ፣
ጡታቸውን ለነፋስ ሰጥተው የማዶ ባሎቻቸውን ያማሉ።
ኒቬስ የሚሏት አሮጊት፣ ሰማንያን ያለፈች፣
ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ኮክ ቆርጣ ሰጠችኝ፣ ወሬም ጀመረች፤
«አርባ ዓመት ሙሉ ባሌን በግንቡ ላይ
‹ስንት ሰዓት ሆነ?› እያልኩ ጠራሁት።
ከሞተም በኋላ፣ አንድ ቀን፣ ተሳስቼ ጠየቅሁት።»
«እና?» አልኳት።
«አንድ የማላውቀው ሰው ‹አሥር ተኩል› አለኝ።»

የልጄ የዋና መነጽር ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቷል።
ግንቡ ሥር ቆሜ ስማቸውን ጠራሁ፣ የሁለቱንም።
ማዶ ወንዶች ሳቁ።
«አቤት» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።
«ምንተስኖት፣ ልጅህ መነጽሩን ረሳ።»
«እኔ ነኝ እማዬ።»

ወረወርኩት። ሰማዩ ላይ አንዴ አብለጨለጨ፤
ማን እንደቀለበው አላየሁም።

ሶስና እጄን ይዛ ወደ ውሃው ጎተተችኝ።
ግንቡም ባሕር ይገባል፣ ግን ጥቂት ተራምዶ ይደክመዋል፣
ከዚያ ወዲያ ውሃው አንድ ይሆናል።
ክረምት ወንዝ ሰው በሚበላበት አገር ነው ያደግሁት፣
ስለዚህ ዋናውን ትቼ ዳር ዳሩን ለመድሁት።

እስከ ወገቤ ገባሁ። ጠጠሩን በእግር ጣቴ ጨብጬ፣
ከግንቡ ጫፍ ወዲያ፣ ከጥልቁ በኩል አፍጥጬ።
አንድ ጥቁር ራስ ብቅ አለ። ጠለቀ። ደግሞ ብቅ አለ።
እጁን አወጣ፤ ሰላምታ ይሁን ቀዘፋ
ከዚህ አይለይም።
«እሱ ነው!» አለች ሶስና።
«በምን አወቅሽ?»
«ዞር አለ።»

ውሃው፣ ሳላውቀው፣ አገጬ ደርሶ ነበር።