አራት ካሬ

ስድስቱን ቀን ካውያ ጨብጬ እቆማለሁ፤
ሻርጃ ውስጥ፣ ከሮላ ጀርባ፣ የሰው ነጭ ጀለቢያ እተኩሳለሁ።
እንፋሎቱ መነጽሬን ሲጋርደው
በሸሚዝ ጀርባ ላይ አሰላለሁ፦ ካሬውን በስንት ላስወርደው?
ዓርብ ሲመጣ፣ ደንበኛ የረሳውን ኮት ደርቤ
ደላላ እሆናለሁ፤ ስልኬ ሙሉ ሥዕል፣ የማያልቅ ቃል በልቤ።
ሴቶቹ «ኢንጂነር» ይሉኛል፤ እኔም አላርማቸውም፤
በነጻ የመጣ ማዕረግ ነው፣ ኮሚሽን አይቆረጥበትም።

የምሸጠው አያት አካባቢ ነው፤ አሥራ ሁለት ፎቅ፣ በወረቀት፤
በመሬት ግን ገና ጉድጓድ ነው፣ የክረምት ውሃና እንቁራሪት።
(ወንድሜ ሄዶ አይቶልኛል። ፎቶ ላከልኝ። አጠፋሁት።)

ማታ ማታ፣ ስምንት ሆነን ከምናድርበት፣ ከታችኛው አልጋ
መጋረጃዬን ስቤ እደውላለሁ፤ በሹክሹክታ ነው የምጠራው ዋጋ፦
«ሳሎኑ ሰፊ ነው እኅቴ፤ ከበረንዳው ንጋት ይታያል፤»
ከላዬ የተኛው ፓኪስታናዊ አልጋውን በእግሩ ይመታል።

አማርኛ መምህሬ ጋሽ ደምሰው «ግጥምህ ቤት አይመታም» ይሉኝ ነበር፤
ይኸው ዛሬ፣ ሲቀናኝ፣ በወር ሁለት ቤት እመታለሁ፤
ይስሙልኝ ካሉ በምድር።

ባለፈው ዓርብ ሙንተሃ መጣች፤ የከሚሴ ልጅ፤ አሥራ አንድ ዓመት
አጅማን ሰው ቤት የሠራች፤ ጥያቄዋን ጽፋ በወረቀት።
ቅድሚያ ክፍያ፣ ውል፣ ቀን ቢያልፍ ቅጣት፣ ጠየቀች ተራ በተራ፤
መለስኩላት፤ አፌ ካውያ ነው፣ የተጨማደደ ነገር አይፈራ።
ከዚያ ፕላኑን በጣቷ አጉልታ ከወጥ ቤቱ ኋላ ቆመች፤
«ይቺ ምንድን ናት?» አለች።

«የሠራተኛ ክፍል።»
«ስንት ናት?»
«አራት ካሬ።»
«መስኮትስ?»

ደላላ ዝም ካለ ገበያው ፈረሰ።
ከእግራችን ሥር አንድ ርግብ ደረቅ ዳቦ እየጎተተ ተመለሰ።

«የኔም አራት ናት» አለች፤ «አልጋው ከገባ በሩ አይዘጋም፤
ግድግዳው ማዶ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ እሱ ሳይተኛ እኔ አልተኛም።
አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁት» (ድምጿን ከፍ አላደረገችም)
«የሌላ ሰው ልጅ እዚያ ላስገባ ነው? አይሆንም።»

ልነግራት ነበር፦ ዕቃ ቤት አድርጊው፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤
ልነግራት ነበር ጉድጓዱን፤ እሱም ምላሴ ላይ ነው የቀረው።

«ይሄን ግድግዳ አፍርሱልኝ፤ ከወጥ ቤቱ ጋር ይቀላቀል፤
ውሉ ላይ ይጻፍ፣ እፈርማለሁ፤ ካልሆነ ገንዘቤ ከኔው ይዋል።»
ቢሮ ደወልኩ፤ ሳቁብኝ፤ «ያልተሠራ ግድግዳ እንዴት አድርጎ ይፈርሳል?»
ነገርኳት። «ታዲያ አለመሥራት ነዋ! ከዚህ የቀለለ ምን ይገኛል?»

ያልተሠራ።
ቃሉን የሰማችው እሷ ናት፤ የደነገጥኩት ግን እኔ።
ወንድሜን «ያችን ፎቶ ድገምልኝ» አልኩት፤ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ ወኔ።
ፎቶው ደረሰ። ውሃው ጨምሯል። ሰጠኋት።
ብዙ አየችው። «እንቁራሪት አለበት?»
«አለበት።»
«ደግ፤ ውሃ አያጣም» ብላ ተነሣች፤ የአጅማን አውቶቡስ ሊያመልጣት።

ቅዳሜ የኮቱ ባለቤት ደረሰኙን ይዞ መጣ።
ተኩሼ ልሰጠው ኪሱን ስፈትሽ የሙንተሃ ወረቀት ወጣ፤
አሥራ ሦስት ጥያቄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፊደሏ እንደ ልጅ ጽሑፍ የቆመ፤
የመጨረሻው ተሰርዟል፣ በይሉኝታ ይሁን እንጃ፣ ሁለቴ እየደጋገመ፤
ከስርዙ ሥር ግን ይነበባል፦
«አንተስ ገዝተሃል?»

ሰውየው «ኮቴ» ይላል።
ካውያው ይጨሳል።