ይብራራ

የመኪናው መዝገብ አራት ዓምድ ብቻ ነበረው፤
መነሻ፣ መድረሻ፣ ኪሎ ሜትር፣ ምክንያት የሚለው።
በሰማንያ አራት ክረምት፣ ያኔ ከተማው "አዋሳ" ሲባል፣ ሳይለብስ "ሀ"ን ገና፣
እኔም አዲስ ሾፌር ሆኜ፣ እጄ ሁሉ ቀለም ሆነና፣
"መነሻ፦ ኮሌጁ። መድረሻ፦ ታቦር ተራራ።
ምክንያት፦ ቀንድ አውጣ ፍለጋ" አልኩ በጠራራ።
ሐሙስ ዕለት ተመለሰ፤ ከማኅተም ከፊርማ ጋራ
የሂሳብ ሹሙ ቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ጽፎበት፦ "ይብራራ።"

ምን ብዬ ላብራራ? እኔ የማውቀው ማርሽና ፍሬን ነው።
እሷ ናት፣ ዶክተር አስካለ ዱካሌ፣ ዝናብ ሲያባራ በማታው
ባትሪ አብርታ፣ ቦቲ አጥልቃ፣ ሣር ለሣር የምትንበረከከው፤
እንደ ባለ ስለት ሳይሆን፣ ቀለበት እንደ ጠፋበት ሰው።

"ቀንድ አውጣ"፤ ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው። ልጅ ሳለን
"አውጣ! አውጣ!" እያልን፣ በስንጥር እየነካካን፣
ያወጣትንም እንዲከታት ያደረግነው እኛው ነን።
እሷ ግን መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች።
"ጊዜ ስጠው፤ ቤቱ ነው፣ ሲፈልግ ይወጣል" ትላለች።

ዛጎሉ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ያድራል፤ ቀፎ በቀፎ መሆኑ ነው፤
ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል ጎኑ ላይ አለው።
"ሲጋራህን ተው" ትለኛለች፤ ክብሪቱን ግን "አትተው!"

አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ከሚዞሩት መካከል አንዱ
ወደ ግራ ተጠምዝዞ ተገኘ፤ ለብቻው ነበር መንገዱ።
"ግራ የገባው!" አልኩኝ ስቄ።
"ግራስ የገባኝ እኔ" አለች፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ ጠይቄ።"

ላጽናናት ብዬ፣ ሞተሩን ሳሞቅ፣ ተረት ወረወርኩ፤
"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩ።
መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ፣ ፈተና እንደወደቅኩ አወቅኩ።
"እንቁላሉማ አይሄድም፤ እዚያው ይሰበራል፣ ያልቃል።
የሚሄደው ትውልዱ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀበላል፤
የትኛው እንደ ተራመደ ግን፣ የተራመደውም አያውቅ ይሆናል።"

"ዝግመተ ለውጥ" ይባላል ሥራዋ። ዝግመቱንስ አውቀው ነበር፤
"እንዳትደፈጥጣቸው!" እያለችኝ፣ በእግረኛ ፍጥነት ስነዳ ሳድር።
ለውጡ ነው ያልታየኝ፣ ክፍሏን እስካስረከበችባት ጀምበር።

ጡረታ ወጣች። ሣጥኑን ተሸክሜ ወረድኩ።
አንድ አባ ኮዳ ደጁ ላይ ቆሟል፣ አንገቱን ቀብሮ፣ እንደ ኦዲተር።
የመኪናው ኮፈን ላይ ቀፎዎቹን ከፈትኳቸው፣ ዓመት በዓመት፦
ሰማንያ አራት፤ ጥቁር ቡኒ፣ የግራር ጥላ ያለበት።
ዘጠና ሁለት፤ ያው ቡኒ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ክር።
ሁለት ሺሕ፤ ክሩ ሰፍቶ መቀነት።
ሁለት ሺሕ ዐሥራ ስድስት፤
ነጭ። አጥንት የመሰለ።

"ምን አነጣቸው?"
በጣቷ ተራራውን አሳየችኝ፤
ዛፉ የነበረበትን፣ ድንጋይ የሚፈለጥበትን፣
በየቀኑ በጎኑ እየነዳሁ ያለፍኩበትን።
"ጥላው ሲሄድ ጥቁሩ በፀሐይ ይነፍራል፤ ነጩ ይወልዳል።
ማንም አልመከረም፣ ማንም አልወሰነም" አለች።
ሠላሳ ሁለት ዓመት በመስታወቴ ያሳለፍኩትን
ክብሪት ቀፎ ውስጥ አኑራልኛለች።
ቀና ስል ፀጉሯን አየሁት።
ምንም አልተናገርኩም።

ማታ የመጨረሻውን ገጽ ሞላሁ።
መነሻ፦ ዩኒቨርሲቲው። መድረሻ፦ ቤቷ።
ኪሎ ሜትር፦ አራት።
ምክንያት፦
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
በፊት መስታወቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣
አንድ ቀንድ አውጣ ሆዱን እያሳየኝ ይወጣል፤
ከየት እንደ መጣ እንጃ፤ ከሣጥኑ ሥር ይሆናል።
ያካፋል።
መጥረጊያውን አላስነሳሁም።
ይብራራ ካሉኝ
ይምጡና አብረውኝ ይጠብቁ።