ከቀዩ በፊት

በካውሃቫ ሜዳ፣ በአሮጌ ድንች ቤት፣
ታውኖ የሠራት አውሮፕላን፣ በዘጠኝ ዓመት፤
አሉሚኒየሟ ያበራል፣ ፕላስቲኳ ግን፣
አፍንጫዋ፣ የክንፏ ጫፍ፣ የጎማዋ ሽፋን፣
ገና ከቅርጹ ትናንት እንደወጣ ነው፤
የማር መልክ ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው።

እህቱ አይላ መጣች፣ ጡረታ ላይ ያለች፣
ሠላሳ አራት ዓመት ጥርስ ስትሞላ የኖረች።
በኮፈኑ ጉንጭ ላይ ጣቷን ሰደደችና፣
"ሰም አለው" አለችው፣ "አልለቀቀም ገና።"
"ሳላጥበው ቀርቼ?"
"አጥበኸው አልወጣም።
ሰሙ ካልለቀቀ ቀለሙ አይይዝም።"

እኛ የምናውቀው ሰም ወርቅ ደብቆ ያኖራል፤
ይሄኛው ምንም የለው፣ ዝም ብሎ ያንሸራትታል።

በሳሙና አጠቡ፣ በማጽጃ ወለወሉ፣
በብርጭቆ ወረቀት ብልጭታውን ገደሉ፤
ምድጃ አንድደው፣ ሰቅለው ቴርሞሜትሩን፣
ሃያ እስኪል ጠበቁት፣ ግማሽ ቀኑን።
ከዚያ እሳቱን አጥፍታ፣ ጭምብሏን አጥብቃ፣
ግራጫውን ረጨች፣ አንድ ስንዝር ርቃ።

ታውኖ የጠበቀው፣ ግራጫው ሲደርቅ፣
ጉድፉን ሁሉ ውጦ፣ ለስልሶ እንዲያልቅ።
አልሆነም።
ትናንት ንጹሕ የነበረው በመርፌ ተወግቷል፤
እዚህ ሦስት፣ እዚያ አሥር፣ ጉንጩ ፈንጣጣ ወጥቶበታል።
"አበላሸሽው!" አላት።
መብራቱን ጋደም አርጋ አስጠጋች ወደ ቆዳው፤
"ቀዳዳውስ ነበረ። ግራጫው ነው ያሳየው።"

ዐይኑ በቀዩ ጣሳ ላይ ተተክሎ ቀረ፤
በሰኔው ዮሐንስ ልበር ብሎ፣ ለሰው ነግሮ ነበረ።
"ማን ሊያየው ነው ከታች፣ ሺህ ሜትር ላይ ስሄድ?
ቀዳዳ ስንቆጥር በጋው ሊነጉድ!"
አልመለሰችለትም። ከቦርሳዋ አወጣች
የድሮ መፋቂያዋን፣ ጫፏ የታጠፈች።
መብራቱን ሰጠችው። "ያዝ። ዝቅ። ዝቅ በል ደግሞ።"
ያዘላት፣ ክንዱ እስኪዝል፣ አጎንብሶ፣ ቆሞ፤
እሷ ስቱኮ ትሞላለች፣ መርፌ በመርፌ፣ አንድ በአንድ።
"ሰፋ አርገህ ክፈት" አለች፣ ለኮፈኑ፣ በልማድ፤
ታውኖን ሳቅ አመለጠው፣ ከጧት ወዲህ ገና አንድ።

ማታ ብቻውን ሲቀር፣ ጀምበሯ አልጠልቅ ብላ፣
እጁን በላው፤ የቀዩን ጣሳ ክዳን አላላ።
የግራ ጎማ ሽፋን፣ አንዲቷን ብቻ።
ወፍራም ረጨ። አማረ። ለሩብ ሰዓት ያህል።
ከዚያ ይወርድ ጀመር፣ የተወጋ ይመስል።

ጠዋት አይላ አየችው። የረጋውን ጠብታ
በጥፍሯ ነካ አርጋ፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣
"ተወው" አለች፣ "ሺህ ሜትር ላይ ማን ያየዋል ከታች?"
ጃኬቷን ሰቀለች፣ ውሃ ጣደች።

እሱ መልስ አልነበረውም። የብርጭቆ ወረቀት ቀዶ፣
በውሃ ነክሮ ፈገፈገ፣ በጉልበቱ ወርዶ፣
ቀዩ እስኪሄድ ድረስ፣ ግራጫው እስኪመለስ፣
ጣቶቹ ሮዝ እስኪሆኑ፣ እጅጌው እስኪርስ።
ከዚያ መብራቱን አንስቶ፣ ራሱ ጋደም አርጎ፣
አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በአንደኛው ፈልጎ፣
"አይላ" አለ፣
"ነይ እስቲ።
እዚህ ጥግ ላይ አንዲት ስተሻል።"