ሰባት ላይ የሚቆም ቆጠራ

የጣውላ መጋዘን ነበረ ድሮ፣
ወለሉ ሰጋቱራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤
ከአዌቱ ማዶ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
የሐምሌ ጎርፍ ሳይጠራ የሚገባ።
እዚያ ነው የሄድኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣
ጓንት ባንገቴ አንጠልጥዬ፣ ሳልነግራት ለእናቴ።

ጋሽ ዙበይር አየኝ፣ ከጫማዬ ጀምሮ፣
"ጓንቱን ሚስማር ላይ ስቀል" አለኝ አቀርቅሮ፤
"አይጥ እንዳይበላብህ። ክረምቱ ረጅም ነው።
መጀመሪያ እግር ነው፤ እጅህን ማን አየው?"

ጅሬን ዳገት፣ ሌሊት፣ ከአዛኑ ቀደም ብሎ፣
ጭጋጉ እንደ ፎጣ ባንገቴ ተጠቅልሎ፣
እሱ በወንድሙ ባጃጅ ከኋላዬ ሲያዘግም፦
"ቀስ በል፣ ነዚፍ፤ ማንም አያሳድድህም።
እየሮጥክ አውራኝ፤ ወሬ ካቃተህ በዝቷል፤
ዘፈን ካማረህ ደግሞ ጉልበትህ ተኝቷል።"
ምን ላውራው? ስለ ጎረቤት ፍየል አወራሁት፣
ስለ ወንድሜ ዕዳ፣ ለሰው ያልነገርኩት።

ጓንቴ ውስጥ ሸረሪት ገባች፣ ወለደች፣
ቤቷን ሸምና ሸምና ልጆቿን ዳረች።

ረመዳን ገባ። "ቀን ቀን አትሩጥ፣ ላብህን ቆጥብ፤
ካፈጠርክ በኋላ ና፣ ግን በልክ ጥገብ።
ሳምቡሳ ሁለት። ሦስተኛው ያንተ አይደለም፤
ሚዛን ይሉኝታ የለው፣ እንደ አክስትህ አያዳላም።"
እንቅልፌን እንደ ሥራ በደብተር ያስፈርመኛል፤
ስምንት ሰዓት ካልሞላሁ ከበር ይመልሰኛል።

ከዚያ አንገት።
ፎጣ ጥርሴ ላይ፣ ከፎጣው ጫፍ ድንጋይ፣
ቀና፣ ዝቅ፣ ቀና፣ ዝቅ፤ ዓይኔ ቆርቆሮው ላይ።
"ለምኑ ነው ይሄ?" አልኩት፣ አንድ ቀን ምርር ብሎኝ።
መልስ የለም። ሌላ ድንጋይ መርጦ አቀበለኝ።

መፍቱሃ መጣች አንድ ማታ፣ አርባ ስምንት ኪሎ፣
ሻርፗ በመርፌ ቁልፍ ካንገቷ ኋላ ውሎ።
"ትከሻዋን ንካ" አለኝ፤ "ሦስት ደቂቃ አለህ።"
አየር ገረፍኩ ሦስቱንም፤ ምን ብዬ ልዋሽህ።
እሷ ላብ ሳይነካት ወጣች፤ እኔ ባልዲ አቅፌ ቀረሁ፣
እግሮቼን እንደ ሰው ዕቃ ቁልቁል እያየሁ።

ሰዓት አይዝም ጋሽ ዙበይር፤ በአፉ ነው የሚቆጥር።
ግድግዳ ተደግፈን ስንቀመጥ ያለ ወንበር፣
ጭናችን ሲንቀጠቀጥ፣ "አምስት" ይላል፣ "ስድስት"፣
"ሰባት"...
ሰባት ላይ ይቆማል።
ዓይኑ ግድግዳውን አልፎ የሆነ ቦታ ይሄዳል።
"ስምንት!" እንለዋለን። ይባንናል፣ ይቀጥላል።
ቀልዱ ይመስለኝ ነበር፣ እኛን ማሰቃያ መላ፤
በሌላ ሰው ስም እስኪጠራኝ፣ አንድ ቀን ከልምምድ ኋላ።

የነገረችኝ መፍቱሃ ናት፣ ጫማዋን እያሰረች፦
"ቀኝ እጁን ያየ ሁሉ አጨበጨበ፣ አሰልጣኙም ጭምር፤
ጭንቅላቱ ላይ የሚወርደውን ማን ነበር የሚቆጥር?
መጨረሻ ሲወድቅ ዳኛው እስከ አሥር ቆጠረ፤
እሱ የሰማው እስከ ሰባት ነው፤ ከዚያ... እዚያው ቀረ።"

ያን ማታ ፎጣዬን ነከስኩ። ድንጋዩን ራሴ መረጥኩ፤
ከባዱን።

ዛሬ መናኸሪያ ነን። ነገ ማታ አዲስ አበባ፣
ገንዘብ ያለው ግጥሚያ፣ ሰው ቲኬት ገዝቶ የሚገባ።
ጓንቱን በላስቲክ አመጣው፣ ሸረሪቷን አራግፎ፤
"ቡጢውስ?" ስለው ሳቀ፣ ቦርሳዬን በክንዱ አቅፎ፦
"እሱማ ይዘኸው ነው የመጣኸው፤ እኔ ያስያዝኩህ መመለሻ።
ስምህን አትርሳ ብቻ፣ የዙሩ መጨረሻ።"

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። እሱ መስኮቴ ሥር ቆሞ
ተሳፋሪ ይቆጥር ጀመር፣ በጣቱ፣ ደጋግሞ፦
"አምስት... ስድስት... ሰባት..."
ጣቱ አየር ላይ ቀረ።
አንገቴን አውጥቼ "ስምንት" አልኩት።
"ስምንት" አለ። አውቶቡሱ ዞረ።