ቁንዶ በርበሬ

ሄስቲንግስ ከተማ፣ ከባሕሩ ዳርቻ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ በደረጃው ብቻ፤
ሊፍቱ አይሠራም፤ «ይጠገናል» ያለው
ወረቀቱን እንኳ ፀሐይ አነጣው።
ሥራዬ ቤት መገመት፣ ቀይ ጨረር መተኮስ፣
ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከወለል ጣሪያ ድረስ።

በሩን ከፈተችልኝ ሂልዳ ታፕሴል፣
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ዓይኗ ገና ስል፤
ሒሳብ ያስተማረች ለሠላሳ ዓመት፣
ቁጥር ሲዛባባት የምታስነጥስ ሴት።

«ቁጭ በል» አለችኝ፣ «አትድከም በከንቱ፤
ሰማንያ ዓመት ካሥራ አንድ ቀን ነው የሊዙ ርዝመቱ።»

ልክ ናት። ዐሥራ አንድ ቀን። ከዚያ ግን ገደል ነው፤
ሰማንያን ሲወርድ፣ ዋጋው ሽቅብ የሚሄደው፣
አንዲት ጀንበር ጠልቃ ሌላይቱ ስትወጣ፣
«የጋብቻ ዋጋ» ተጨምሮ ሲመጣ።

«የምን ጋብቻ?» አለች መነጽሯን አውልቃ፣
የመጣባትን ሳቅ ጉሮሮዋ ላይ አንቃ።
አስረዳኋት፦ «ሕንጻው የባለመሬቱ ነው፣
ዘመኑ የእርስዎ ነው፤ ሁለቱ ሲጋቡ የሚወለደው
ትርፍ፣ እኩል ለእኩል ይከፈላል።»

«ሲረል ካረፈ'ኮ ሃያ ዓመት ሞላው!
ባሏ የሞተባትን ቤቷ ነው የሚድራት? ሙሽራውስ ማነው?»
«ኩባንያ ነው። ጀርዚ ደሴት። ፖስታ ሣጥን አለው።»
«ፊቱን አይተኸዋል?»
                    «አላየሁም።»
                                  «እኔም።»
አለችና ሻይ ቀዳች፣ ወተቱን አስቀድማ፣
ከታች ማዕበሉ ጠጠር ሲፈጭ እየተሰማ።

«ዘጠና ዓመት ይጨመራል» ስላት፣ በፖስታው ጀርባ
ደመረች በእርሳስ፦ መቶ ሰባ።
«ሊዙ ሲያልቅ እኔ ሁለት መቶ ኀምሳ አንድ፤
ሊፍቱ እስከዚያ ይሠራ ይሆን?
ጉልበቴ አይችልም ያኔ መውጣትና መውረድ።
ኪራዩስ?»
        «ከእንግዲህ በዓመት አንዲት ፍሬ
ቁንዶ በርበሬ።
ያውም ከጠየቁ ነው፤ ማንም አይጠይቅም፤
የጥንት ዳኞች ቀልድ ነው፣ ከወረቀት አይወጣም።»
አልሳቀችም። «ዕዳ» አለች «ቢያንስም ዕዳ ነው።
ጥቁሩ ነው ወይስ ነጩ የሚፈለገው?»
ሕጉ አይናገርም።

እንደ ገማች ሳይሆን፣ እንዲሁ እንደ ሰው፣
«ልጅ የለዎት፣ ወራሽ የለዎት» አልኳት፣ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለማን ነው?»
ስኒዋን አስቀመጠች፤ መስኮቱን አየችው።
«ደወል ሲደወል» አለች «ጠመኔዬን ጥዬ
ወጥቼ አላውቅም፣
ያልተፈታ ሒሳብ ሰሌዳ ላይ አንጠልጥዬ።»

ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ውል ፈለግሁ፤
ከመሳቢያው ግርጌ፣ ከድሮ ቁልፎች ሥር አገኘሁ፦
ሰባ ስምንት ዓመት።
ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ለክቼ
ገደሉን አልፌዋለሁ፣ እንቅልፌን ተኝቼ።

እሷ በዘጠነኛው ቀን ፈረመች።

ሁለት ክረምት አለፈ። መጋቢት ላይ ጠበቃው ደወለ፤
«የሂልዳ ታፕሴል ቤት ይሸጣል፣ ገምትልን» አለ።
ሊፍቱ ይሠራል አሁን። ሦስተኛ ፎቅ አወጣኝ
በጸጥታ፣ በመስታወቱ ሽበቴን እያሳየኝ።
ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ፣ ከጨውና ከሻይ መሐል፣
አንድ ብልቃጥ፤ ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ኪራይ» ይላል።
ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ፣ ጨረሩን አጥፍቼ፣
ሁለቴ ቆጠርኩ፣ እንዳላስነጥሳት ፈርቼ፦
መቶ ስልሳ ስምንት ፍሬ።
ከሥሩ ሁለት የአደራ ፖስታ ደረሰኝ፣
ወደ ጀርዚ፣ ክብደቱ «ከአምስት ግራም በታች»።

አንዷን አንስቼ ነከስኩ።
ሊፍቱን አልጠራሁም።
በደረጃው ወርጄ፣ ጠጠሩ ዳር እስክደርስ
ምላሴ ላይ ትነድ ነበር።